ትጉሁ መምህር ብቻውን እንዳይቀር

ስለ ጥሩ መምህር ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ አንድ ሰው ነው። ሌሊት ተቀምጦ ደብተር ያርም ነበር፤ ከደመወዙ አውጥቶ ጠመኔ ይገዛ ነበር፤ ቅዳሜም ሳይቀር ያስጠናን ነበር እየተባለ ይመሰገናል። ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ዓይነቱ አነጋገር ውስጥ የተደበቀ አንድ ስሕተት አለ። ትጋትን የሰውዬው የግል ጠባይ ብቻ፥ ይዞት ተወልዶ እስከ ጡረታው ድረስ ይዞት የሚኖር ሀብት አድርገን እንቈጥረዋለን። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የአንድ ትምህርት ቤት ሥራ ትጉህ ሰው እስኪመጣለት መጠበቅ፥ ሲመጣ መደሰት፥ ሲሄድ ደግሞ ማዘን ብቻ በሆነ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። የአንድ መምህር ትጋት የሚኖረውም የሚሞተውም በባልደረቦቹ መካከል ነው። የሚጸናውም ባልደረቦቹ በቃል ስላመሰገኑት አይደለም፤ ከሸክሙ ከፍለው ሲወስዱለትና ሥራውን የራሳቸው ሲያደርጉት ነው። ነገሩ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ አይደለም፤ ከዚህ መጽሔት አንባብያን መካከል ጥቂት የማይባሉት ነገ ጠመኔ ይዘው ክፍል የሚገቡ ናቸውና። ስለዚህ ትጋት እንዴት እንደሚበርድ፥ እንዴትስ እንደሚጠበቅ በተራ እንመልከት።

ትጋት እንዴት ይበርዳል?

አንዲት አዲስ የባዮሎጂ አስተማሪ ወደ አንድ የወረዳ ከተማ ትምህርት ቤት ተመድባ ሄደች እንበል። ላቦራቶሪው ተቈልፎ፥ ማይክሮስኮፑ አቧራ ለብሶ አገኘችው። ቍልፉን ለምና ተቀበለች፤ ክፍሉን ከተማሪዎቿ ጋር ጠረገች፤ ከገበያ ሽንኵርት ገዝታ ስሱን ልጣጭ በመስታወት ላይ አድርጋ ተማሪዎቿ የሕዋስን ቅርጽ በዓይናቸው እንዲያዩ አደረገች። በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቁትን ነገር ያዩት ልጆች በማግስቱ ሌላ ጓደኛ ይዘው መጡ። በዚህ መልክ የተጀመረውን ሥራ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያቆሙት የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ወሬ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ሲጠጣ፥ «እኛም እንዲህ ነበርን፤ ይበርድላታል» የሚል አይጠፋም። «ለዲሬክተሩ ለመታየት ነው» የሚል ይከተላል። «ደመወዙ እንደ ሆነ ያው ነው» የሚለው ደግሞ ነገሩን ይዘጋዋል። ከነዚህ ቃላት አንዱም በክፋት ላይነገር ይችላል፤ አብዛኛው ጨዋታ ነው። ነገር ግን ጀማሪ ሰው በአዲስ ከተማ ውስጥ ያለው ማኅበር ያ ክፍል ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ መሳቂያ ላለመሆን ሲባል ትጋቱን መደበቅ ይጀምራል፤ የተደበቀም ትጋት ሳይውል ሳያድር ይጠፋል።

ሁለተኛው ሸክም ነው። ዲሬክተሩ ይህች ልጅ እሺ ባይ መሆኗን ሲያይ የሚኒ ሚዲያውን ኃላፊነት ይሰጣታል፤ ቀጥሎ የአንድ ክፍል የስም ጥሪ ኃላፊ ያደርጋታል፤ ስብሰባ በመጣ ቍጥር ቃለ ጉባኤ ያዥ እርሷ ትሆናለች። እምቢ የሚለው ሰው ነፃ ይወጣል፤ እሺ የሚለው ይጫናል። በዚህ ዓይነት ትጋት የሚያስቀጣ ነገር ይሆናል ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ላቦራቶሪውን የሚዘጋው ስንፍና ሳይሆን ጊዜ ማጣት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ብቸኝነት ነው። የማስተማር ሥራ በሰው መካከል የሚሠራ ይመስላል እንጂ ከሙያ ባልደረባ ዓይን የራቀ ሥራ ነው። ሐኪም በሌላ ሐኪም ፊት ያክማል፤ ጠበቃ በዳኛና በሌላ ጠበቃ ፊት ይከራከራል፤ መምህር ግን በሩን ዘግቶ ከልጆች ጋር ይገባል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው መጽሐፍ ትምህርት ቤትን ከእንቍላል መያዣ ካርቶን ጋር አመሳስሎታል። እያንዳንዱ እንቍላል ሌላው እንዳይነካው በየጐድጓዳው ተለይቶ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን አይሰበር ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ ከአንዱ ምንም አይማርም። ጥሩ የሠራው ሰው ጥሩ መሥራቱን የሚነግረው የለም፤ የተሳሳተውም ስሕተቱን የሚያሳየው አያገኝም።

ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ሥራ

እኔ በተማርኩበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። ስማቸውንም የትምህርት ቤቱንም ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የንባብ ክበብ አቋቁመው ከየቤቱ የተለመኑ መጻሕፍትን በአንድ ሣጥን ሰብስበው ያስነብቡን ነበር። አንዱ ያነበበውን ምዕራፍ ለሌላው ይተርካል፤ ሌላው ይጠይቃል፤ እሳቸው በመጨረሻ ጥቂት ይናገራሉ። ክበቡ ሦስት ዓመት ቆየ። በአራተኛው ዓመት መምህሩ ቤተሰባቸው ወዳለበት አውራጃ ተዛወሩ። የሣጥኑ ቍልፍ በዕቃ ግምጃ ቤት ቀረ፤ ክበቡ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ዓርብ እንኳ አልተሰበሰበም።

የቀሩት መምህራን ክፉዎች አልነበሩም። ሲሄዱ የመሸኛ ግብዣ አድርገውላቸዋል፤ ያማረ ንግግርም ተደርጓል። ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ዓርብ እንኳ ከአጠገባቸው ገብቶ የተቀመጠ ሰው ስላልነበረ ሥራውን የሚያውቀው አልተገኘም። ሁሉ ያደንቃቸው ነበር፤ የረዳቸው ግን አልነበረም። በማድነቅና በመርዳት መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

የሚጎዳውም በመጨረሻ ተማሪው ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ፥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 4 እንኳ አልሞሉም፤ ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት፥ የተጨናነቀ ክፍል፥ የወረርሽኙና የጦርነቱ ጊዜ ሁሉ አለበት። ሁሉንም በመምህራን ላይ መጫን ግፍ ነው። ሆኖም እንዲህ ባለ ችግር ውስጥ ላለ ትምህርት ቤት አንድ ትጉህ መምህር ማባከን ምን ያህል ኪሳራ እንደ ሆነ መገንዘብ አያዳግትም።

ጥናትና ልምድ ምን ይላሉ?

ጁዲት ዋረን ሊትል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ6 ትምህርት ቤቶች ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1982 አሳተሙ። ሥራ በሚቃናባቸው ትምህርት ቤቶች መምህራን አራት ነገር የሚያዘወትሩ ሆነው አገኟቸው። ስለ ማስተማር በዝርዝር ይነጋገራሉ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፤ የማስተማሪያ ዝግጅትን በኅብረት ይሠራሉ፤ የሚያውቁትን አንዱ ለሌላው ያስተምራል። ልብ ማለት የሚገባው ከአራቱ አንዱም «ይዋደዳሉ» ወይም «አብረው ቡና ይጠጣሉ» የሚል አለመሆኑን ነው። መዋደድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መምህራን ሃያ ዓመት ተዋደው ኖረው አንዱ የሌላውን የትምህርት አሰጣጥ አንድ ቀን ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል።

ጃፓኖች ይህን ወደ ሥርዓት ለውጠውታል። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በነርሱ ዘንድ የቆየ «ጁግዮ ኬንኪዩ» የሚባል ልማድ አለ፤ ትርጓሜው የትምህርት ጥናት ማለት ነው። ጥቂት መምህራን ተማሪ የሚቸገርበትን አንድ ርእስ መርጠው የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት በጋራ ያዘጋጃሉ። ከመካከላቸው አንዱ ያስተምራል፤ የቀሩት ከኋላ ሆነው ተማሪዎቹን ይመለከታሉ። በኋላ ተቀምጠው ይነጋገሩበታል፤ አስተካክለውም እንደገና ሊያስተምሩት ይችላሉ። በዚህ አሠራር የሚተቸው ትምህርቱ ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም፤ ትምህርቱ የሁሉም ስለ ሆነ። ትጉሁ ሰው በትጋቱ ከሌሎች አይለይም፤ ሰነፉም የሚደበቅበት ጥግ የለውም።

ኪራቦ ጃክሰንና ኤሊያስ ብሩግማን የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ደግሞ በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ክፍለ ግዛት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን የፈተና ውጤት ለብዙ ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ጥናታቸውን አወጡ። ጠንካራ መምህር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚሻሻሉት የርሱ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ በዚያው የክፍል ደረጃ የሚያስተምሩት የባልደረቦቹ ተማሪዎችም መሆናቸውን አሳዩ። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሙትም ጀማሪ መምህራን ነበሩ። ስለዚህ ትጉህ ባልደረባን መደገፍ ለርሱ የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም፤ የሚደግፈው ሰው ራሱ ይማርበታል።

ይህ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ ነው ለሚል ሰው በአገራችን የቅኔ ቤት የሚታየውን ማስታወስ ይበቃል። ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ለታናሹ ያስጠናል። በዚያ ጉባኤ ዕውቀት በሰው ፊት ይነገራል፥ በሰው ፊት ይታረማል፤ መታረምም አያሳፍርም። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን በሩን ዘግቶ ማስተማርን የለመደው ይህን ትቶ ነው።

ከዩኒቨርሲቲያችን ታሪክም የምንማረው አለ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ አንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየላከ፥ አብዛኞቹን በአስተማሪነት ያሠራ ነበር። የዘማቾቹ ስሜት የጋለ እንደ ነበር ማንም ይመሰክራል። ነገር ግን የአንድ ዓመት ሰው የጀመረው ነገር፥ ነዋሪዎቹ መምህራን ካልተረከቡት በቀር፥ ዓመቱ ሲያልቅ ከርሱ ጋር በአውቶቡስ ተሳፍሮ ይመለሳል። ከተማሪ ይልቅ ሥራውን የሚያቆየው በዚያ የሚቀረው መምህር ነው።

የትምህርት ሚኒስቴርም ነገሩን አልዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን ለማሻሻል እንዲያውል፥ ጀማሪ መምህርም ለሁለት ዓመት ልምድ ባለው ባልደረባ እየተረዳ እንዲሠራ ይደነግግ ነበር። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ ከመምህራን አፍ የሚሰማው ቅሬታ ሰዓቱ በቅጽ መሙላት፥ ድጋፉም በፊርማ ማለቁ ነው። ባልደረባን መርዳት በደንብ ሊጀመር ይችላል፤ በደንብ ብቻ ግን አይሠራም።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ በአንድ ተራ ትምህርት ቤት፥ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ፥ አንድ ተራ መምህር ለትጉህ ባልደረባው ምን ሊያደርግለት ይችላል? ቢያንስ አምስት ነገር።

አንደኛ፥ ክፍሉ ገብቶ መቀመጥ። አስፈቅዶ ነው፤ እንደ ሱፐርቫይዘር ቅጽ ይዞም አይደለም። ከኋላ ተቀምጦ የሚያየው መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን ነው። በኋላም፥ «በመስኮቱ በኩል ያሉት ልጆች ሁለተኛውን ጥያቄ አልገባቸውም» ቢለው ከአንድ ሰዓት ምስጋና ይበልጥ ይጠቅመዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ራሱ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል።

ሁለተኛ፥ ሸክሙን መካፈል። «አንቺ ላቦራቶሪውን ያዢ፤ የስም ጥሪውን እኔ እይዝልሻለሁ» ማለት ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ተከታታይ ፔሬድ እንድታገኝ አንድ ፔሬድ መለዋወጥም ምንም ወጪ የለውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፥ አብሮ ማዘጋጀት። በአንድ የትምህርት ዓይነት አራት መምህራን ቢኖሩ አራቱም ስለ አንድ ምዕራፍ ለየብቻቸው ሌሊት ማምሸት የለባቸውም። ተማሪ ሁልጊዜ የሚወድቅበትን አንድ ርእስ መርጠው በወር አንድ ጊዜ በጋራ ቢያዘጋጁት በዓመቱ መጨረሻ ለሚመጣው ሰው የሚተርፍ ጽሑፍ በእጃቸው ይኖራል።

አራተኛ፥ በስብሰባ ላይ መመስከር። ጀማሪ ሰው ሐሳብ ሲያቀርብ ድምፁ ቀላል ነው። ሃያ ዓመት ያገለገሉ፥ ሁሉ አንቱ የሚላቸው መምህር ተነሥተው፥ «ይህ ነገር ይሞከር፤ እኔም እረዳለሁ» ቢሉ ዲሬክተሩም ያዳምጣል፤ ፌዘኛውም ዝም ይላል። በማረፊያው ክፍልም ወሬው ሲጀመር አለመሳቅ ራሱ አንድ እርዳታ ነው።

አምስተኛ፥ ሥራውን ከአንድ ሰው እጅ ማውጣት። ክበብ ቢሆን ሁለት ኃላፊ ይኑረው፤ ላቦራቶሪ ቢሆን ቍልፉ በሁለት ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ የተሠራው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ይህ በትጉሁ ሰው ላይ አለመተማመን አይደለም። እንዲያውም ቢታመም፥ ብትወልድ፥ ቢዛወር ሥራው እንደማይሞት ማረጋገጫ ነው።

ሁለት መቃወሚያዎች

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፥ «ትጉህ ነኝ ባይ ሁሉ ትክክል ነውን?» የሚል ነው። አይደለም። ለሥራው ሲነድ ባልደረቦቹን የሚንቅ፥ የሌላውን ፔሬድ የሚሻማ፥ ሁሉን እኔ ብቻ ካልሠራሁት የሚል አለ። ልጆቿን ለማጥባት በሰዓቷ ወደ ቤቷ የምትሄደውን መምህርት እንደ ሰነፍ የሚቈጥርም አይጠፋም። መደገፍ ማለት እንግዲህ አሜን ማለት አይደለም። ክፍሉ ገብቶ ያየ፥ ሸክሙን የተካፈለ ባልደረባ ብቻ ነው ስሕተቱን ቢነግረው የሚሰማው፤ ከሩቅ የሚወረወር ትችት ግን ቅናት ይመስላል። ትጉሁም በበኩሉ እርዳታ መጠየቅን መማር አለበት። ሳይጠይቅ ብቻውን ተሸክሞ በኋላ ማንም አልረዳኝም ቢል ከጥፋቱ ድርሻ አለው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ያለ ነው። «ደመወዙ ለቤት ኪራይ በማይበቃ መምህር ላይ የትጋት ስብከት ምን ይሠራል?» ይባላል። ልክ ነው። የባልደረባ ድጋፍ የደመወዝ ምትክ አይደለም፤ ኑሮን ማሻሻል የመንግሥት ግዴታ ነው፤ መምህራንም በማኅበራቸው ሊጠይቁት ይገባል። ነገር ግን ሁለቱ አይጣረሱም። ስለ ትምህርት አብረው የሚነጋገሩ፥ ክፍል ለክፍል የሚተያዩ መምህራን ስለ መብታቸውም አንድ ቃል ለመናገር አይቸገሩም። ብቻ ለብቻ የለመደ ሰው ግን በአንዱም አይሳካለትም።

ለእኛ የሚቀረው

አንድ እንጨት አይነድም ይባላል። ብዙ ወጣት መምህር በመጀመሪያው ዓመት የሚያጨሰው ለዚህ ነው፤ እሳት አጥቶ ሳይሆን ከጎኑ እንጨት የሚያኖርለት አጥቶ ነው።

እኛ ከዚህ ግቢ ስንወጣ በየሄድንበት ትምህርት ቤት ሁለት ዓይነት ዕድል ይገጥመናል። ወይ እኛው ለሥራ የምንነድ እንሆናለን፤ ወይ ከእኛ የበለጠ የሚነድ ሰው ከአጠገባችን ይቀመጣል። ለመጀመሪያው ዕድል ብዙዎቻችን ራሳችንን በሐሳብ አዘጋጅተናል፤ ትልቅ ነገር እንሠራለን ብለን እናልማለንና። ለሁለተኛው ዕድል ግን የተዘጋጀ ጥቂት ነው። የባልደረባን ላቦራቶሪ መጥረግ፥ የሌላ ሰው ክበብ ሁለተኛ ኃላፊ መሆን፥ ስምን በማያስጠራ ሥራ ላይ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማዋል ሕልም ሆኖ አያውቅም። ሆኖም በአገሪቱ ውስጥ ብዙ መልካም ሥራ የቆመው ጀማሪ በማጣት ሳይሆን ሁለተኛ ሰው በማጣት ነው። ሁለተኛ ሰው ለመሆን የሚፈቅድ መምህር ባለበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሰው ቢሄድም ሥራው አይሄድም።